እትዬ አረፋና ቁልፍ የታተመበት ሳሙና

እትዬ አረፋ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ይኼኛውን ያወጣችላቸው ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን ደረጃ ሲያጥቡ አረፋው ከሦስተኛ ፎቅ ተነሥቶ፣ በየደጃፉ እየተንከባለለ ወርዶ፣ የልብስ ሰፊዋን ሱቅ አጥለቀለቀው። እሷም ጫማዋን በእጇ ይዛ ብቅ አለችና፣ «ኧረ እትዬ አረፋ፣ ልታሰምጪን ነው እንዴ?» ብላ ጮኸች። በቃ፣ ስም ሆኖ ቀረ። እሳቸውም አልከፋቸውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሆቴል አንሶላ አጥበው ጡረታ የወጡ ሴት አረፋ ቢባሉ ምን ይገርማል?

ያ የሆቴል ዱቄት ሳሙና ግን እጃቸውን በልቶት ነበር። ጡረታ በወጡ ሰሞን መዳፋቸው ከመሻከሩ የተነሣ ሻርፕ ሲነኩ ክር ይመዝ ነበር። ያን ጊዜ አብራቸው ትሠራ የነበረች አንዲት ሴት ከዘይት ሳሙና መሥራት አስተማረቻቸው፤ ዓመት ሳይሞላ እጃቸው ለሰለሰ። ደግ ነገር ሲያገኙ ለብቻቸው መያዝ አይሆንላቸውምና ለልብስ ሰፊዋም አካፈሏት። ለልብስ ሰፊ ነገር መንገር ደግሞ ለፎቁ ሁሉ መንገር ነው። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ የዚያ ሕንፃ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ሌላ ሳሙና ገላው ላይ አያስነካም።

አሠራራቸው የራሱ ወግ አለው። ዘይቱን የሚያመጣው የልብስ ሰፊዋ ወንድም ነው፤ የዘይት መጭመቂያ አለው። የቀረውን እያንዳንዱ ቤት እንደ ገላው ጠባይ ያዋጣል፤ ቆዳው የሚደርቅበት ማር፣ ቡግር የሚያስቸግረው የእሬት ውኃ፣ ሽታ የሚወደው የሎሚ ልጣጭ። የማን የማን እንደሆነ በምን ይለያል ብትሉ፣ በቁልፍ ነው፤ በልብስ ቁልፍ። ልብስ ሰፊዋ ከቆርቆሮዋ እየመረጠች ለየቤቱ አንዳንድ ሰጥታለች። ሳሙናው ሳይጠነክር እትዬ አረፋ ቁልፏን ጫን አድርገው ያነሷታል፤ ማኅተሟ ይቀራል። ባለ አራት ቀዳዳዋ የካፖርት ቁልፍ የጡረተኛው መምህር ናት። መልሕቅ የተቀረጸባት ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ያለው ሾፌርና የሚስቱ ናት። ከዚያ ሳሙናው ስድስት ሳምንት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ቸኩሎ ደጃቸውን የሚያንኳኳ ቢኖር፣ «ሳሙና እንደ ሰው ነው፣ ካልሰከነ ይናከሳል» ብለው ባዶ እጁን ይመልሱታል።

ጣጣው የጀመረው በፍቅር ነው። ብዙ ጣጣ የሚጀምረው በዚያው አይደል? ሌላ ከተማ የምትሠራው ልጃቸው ልትጠይቃቸው መጣች። ወደ ጓዳ ብቅ ስትል እናቷ ሁለት እጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ አንጓቸው ላይ በጨርቅ አስረው፣ ዘይቱን ሳሙና የሚያደርገውን ኮስቲክ ሶዳ ውኃ ውስጥ ያማስላሉ።

«እማ! ፌስታል? በዚህ ዘመን ፌስታል?»

«ምን አለበት? አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁበት።»

«ኮስቲክ ሶዳ እኮ ነው፣ ወተት አይደለም! አንድ ቀን ቢቀደድስ?»

በማግስቱ ሦስት ጥንድ ወፍራም ቢጫ የጎማ ጓንት ይዛ መጣች። «ቃል ግቢልኝ» አለች፣ የእናቷን እጅ ይዛ እያገላበጠች፤ «ያለነዚህ ውኃም እንዳትነኪ። እኔ እዚያ ሆኜ እንቅልፍ ይውሰደኝ።» እትዬ አረፋ ልባቸው ቅቤ ሆነ። ቃል ገቡ። እሳቸው ደግሞ ቃል ከገቡ ገቡ ናቸው፤ ሳሙና ሲሠሩ ጓንት፣ ሳህን ሲያጥቡ ጓንት፣ ወለል ሲወለውሉ ጓንት። ግራውን ብቻ ጫፉን አንድ ጊዜ ወደ ውጭ ያጥፉታል፤ የሟች ባለቤታቸውን ሰዓት ስለሚያስሩ ጓንቱ ከሰዓቱ በታች እንዲቀር ነው።

ያ ሳምንት ሌላም ነገር ነበረው። የልብስ ሰፊዋ ወንድም አዲስ መጭመቂያ ተክሎ ነበርና፣ ከአዲሱ ዘይት የተሠራው የመጀመሪያው ሳሙና ሰክኖ ወደየቤቱ የወጣው ያን ጊዜ ነው። እንደዚሁም የሾፌሩ ሚስት፣ ከስምንት ዓመት ጥበቃ በኋላ ያረገዘችው፣ ሰባተኛ ወሯን ይዛ፣ ደረጃውን እያረፈች ወጥታ መጣች።

«እትዬ፣ ለልጄ ሳሙና ይሥሩልኝ። ሌላ ሰው የሠራው አይነካውም።»

እትዬ አረፋ በደስታ የሚቀመጡበት ጠፋቸው። ልብስ ሰፊዋ ቆርቆሮዋን ወለል ላይ ዘርግፋ፣ ከአራስ ልጅ ሸሚዝ የተረፈች የምስር ፍሬ የምታክል ነጭ ቁልፍ አገኘች። ሳሙናውም ማር የለው፣ ልጣጭ የለው፣ ንጹሕ ዘይት ብቻ ሆኖ ተሠራ፤ ትንሿ ነጭ ቁልፍ ታተመችበትና መደርደሪያው ላይ ለብቻው ተቀመጠ።

ሁለት ሳምንት እንደሆነ እትዬ አረፋን ጣታቸው መሐል አሳከካቸው። ቀጥሎ መዳፋቸው ቀላ። ቀጥሎ የእጃቸው ጀርባ ሽፍ አለና ውኃ ቋጠረ። ያን የሆቴሉን ዘመን አስታወሱ። «አዲሱ ዘይት ነው» አሉ ለራሳቸው። «ሳሙናዬ ተናከሰ።»

እንግዲህ ጭንቁን ተመልከቱት። ዘይቱ ነው ብለው ቢናገሩ የልብስ ሰፊዋን ወንድም፣ ያውም ለፍቶ አዲስ መጭመቂያ በተከለ ማግስት፣ ስም ማጥፋት ነው። ዝም ቢሉ ደግሞ አሥራ ሁለት ቤት በዚያው ሳሙና ይታጠባል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ስምንት ዓመት የተጠበቀ ሕፃን ሊወለድ ነው። የሕፃን ገላ ምን አቅም አለው? የእሳቸው የእንጨት እጅ እንዲህ ከሆነ፣ የሱ ጉንጭ ምን ሊሆን ነው? የጉሮሮ አጥንት ሆነባቸው፤ አይዋጥ፣ አይወጣ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እትዬ አረፋ ይህን ተረት ለሰው ሲመክሩበት ነው የኖሩት፤ ለራሳቸው ሲሆን ግን ማን ይስማ። ሽፍታው እንዳይታይ ጓንቱን ከጠዋት እስከ ማታ ማውለቅ ተዉ። በር ሲከፍቱ ጓንት። ልብስ ሰፊዋ ጋ ወርደው ሻይ ሲጠጡ ጓንት።

«ምነው እትዬ፣ ሠርግ አለብሽ እንዴ? ሙሽራ መሰልሽ እኮ» አለቻቸው ልብስ ሰፊዋ።

መምህሩም ደረጃ ላይ አግኝቷቸው፣ «ዛሬ ደግሞ የማንን ሆድ ሊቀዱ ነው፣ ዶክተር?» አላቸው። ሳቁለት። እጃቸው ግን እዚያ ውስጥ እንደ እሳት ይለበልባቸዋል።

መድኃኒቱንም በዘዴ ነው የጠየቁት። «ለአንዲት ዘመዴ ነው» እያሉ። መምህሩ ማር አለ፤ ማር ቀብተው ጓንታቸውን አጠለቁ። የሾፌሩ ሚስት እሬት አለች፤ እሬት ቀብተው ጓንታቸውን አጠለቁ። አራተኛ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት አንደኛው የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ አንደኛዋ እርጎ ብለው እርስ በርስ ተጣሉ፤ እትዬ አረፋ ሁለቱንም እንዳያስቀይሙ ሁለቱንም ቀቡ። ከዚያ ጓንት። ያቺ የሌለች ዘመዳቸውም በሰፈሩ ታዋቂ ሆነች፤ «እንዴት ሆነችልዎ?» የማይል ጠፋ። «ብሷታል» ይላሉ፤ ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም።

አንድ ጠዋት ጣታቸው ተሰንጥቆ ደማ። ያን ቀን ልባቸው ቆረጠ። ትልቁን ዘንቢል አንሥተው ከአራተኛ ፎቅ ጀምረው እያንኳኩ ወረዱ። «ያ ሳሙና ሳይሰክን ነው የወጣው፤ ሳልናደድ መልሱልኝ፣ ሌላ እሰጣችኋለሁ።» ሰዉ ግራ ተጋባ። የሚያጉረመርም አለ፣ የሚስቅ አለ፤ ሆኖም ሁሉም ወደ ውስጥ ገባ እያለ በጋዜጣም በላስቲክም እየጠቀለለ ዘንቢሉ ውስጥ ጣለላቸው። የሾፌሩ ሚስት ብቻ ብዙ ቆይታ፣ ዓይናቸውን ሳታይ ሰጠቻቸው። እትዬ አረፋ የተጠቀለለውን ሊፈቱት አልደፈሩም። ዘንቢሉን እንዳለ አልጋ ሥር ገፉት።

መጨረሻ የደረሱት ልብስ ሰፊዋ ጋ ነበር።

«የወንድሜ ዘይት ነው እንዴ?» አለች፣ መርፌዋን ከአፏ አውጥታ።

«አይ፣ አይደለም።»

«እኔን እያየሽ በያ!»

«አይደለም አልኩ እኮ!» አሉና ወጡ። ልብስ ሰፊዋ ከዚያ ቀን ወዲህ ሻይ ነይ ብላ አልጠራቻቸውም።

ሕፃኑ ተወለደ። ወንድ። ሕንፃው ሙሉ በእልልታ ተናወጠ። እትዬ አረፋ ግን «ጉንፋን ይዞኛል» ብለው ከቤታቸው አልወጡም። በሳምንቱ ሾፌሩ ራሱ፣ ፊቱ እንደ ጠዋት ፀሐይ ፈክቶ፣ ሦስት ሦስት ደረጃ እየዘለለ መጣ።

«እትዬ! የጌታውን ሳሙና ልወስድ ነው!»

እጃቸውን ከበሩ ኋላ አድርገው፣ «አልሆነም» አሉት። «ሳሙናው ተበላሽቷል። ከሱቅ ግዙለት።»

«ሌላ እስኪሠሩልን እንጠብቃ።»

«አልሠራም። ተውኩ። ከእንግዲህ ሳሙና አልሠራም።»

ሾፌሩ «እሺ» ብቻ አለ። ሲወርድ እግሩ እያንዳንዱን ደረጃ ሲረግጥ ይሰማቸዋል። በሩን ዘግተው እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡና እንደ ልጅ አለቀሱ። ሳሙናው ብቻ አልነበረም የሄደባቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው በጠዋት ተነሥቶ ፊቱን ሲታጠብ እሳቸው በየቤቱ ነበሩ፤ አሁን አንድም ቤት ውስጥ የሉም። ደግሞ ማን ያውቃል፣ ስንቱን አሳክከውት ይሆን በይሉኝታ ዝም ያላቸው?

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተደበደበ። ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ዓይኗ ደም ለብሶ።

«አንቺ ሴትዮ! ያን ምስኪን አባት ምን ብለሽ ነው የሰደድሽው? ሱቄ መጥቶ የጨርቅ ጥቅልል ላይ ተቀምጦ ቀረ እኮ! ምን ነክቶሽ ነው? ደግሞ ይሄን ቢጫ ነገር አውልቂና እንደ ሰው አናግሪኝ!» አለችና አንዱን ጓንት ጎትታ አወለቀችው።

ሌላውንም ቀስ ብላ አወለቀችው።

«እኔን!» አለች። «እኔን ያሳክከኝ፣ እትዬ! ምን ሆነሽ ነው?»

ያን ጊዜ እትዬ አረፋ ሁሉንም ዘረገፉት። ዘይቱን፣ ወንድሟን፣ ሕፃኑን፣ ያቺን የሌለች ዘመዳቸውን ሳይቀር። ልብስ ሰፊዋ ሰምታ እስክትጨርስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ይህ ከእሷ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ክንዳቸውን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደቻቸውና መነጽሯን አወረደች።

«ስትታጠቢ እስከየት ነው ሳሙና የምትቀቢው?»

«እስከ ክርኔ ነዋ። ፊቴንም፣ ገላዬንም።»

«ፊትሽ ደህና ነው።»

«ደህና ነው።»

«ክርንሽም ደህና ነው። ታዲያ ይሄ ሽፍታ እዚህ ጋ ሲደርስ ለምን ቆመ?» ጣቷን አንጓቸው አካባቢ አሳረፈች። ቅላቱ በመቀስ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ብሎ ያልቃል። «እትዬ፣ ሠላሳ ዓመት እጅጌ ስቆርጥ ነው የኖርኩት። ይሄ እጅጌ ነው! ደግሞ የግራሽ ለምን አጠረ?»

«ምኑ?»

«የግራሽ ሽፍታ በሁለት ጣት ያንሳል።»

እትዬ አረፋ የባላቸውን ሰዓት አዩ። ልብስ ሰፊዋም አየችው። ሜትሯን ከአንገቷ መዝዛ ከመሐል ጣታቸው ጫፍ እስከ ቅላቱ ጫፍ ለካች፤ ቀኝና ግራ። ቀጥላ ጓንቶቹን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ለካች፤ የግራው እንደታጠፈ። ልክ በልክ መጣ።

«ወይ ጉድ!» አለችና ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ለብሰሽው ነው እኮ የምትዞሪው!»

ዕለቱን ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። ነርሷ እጃቸውን አገላብጣ፣ ጓንቱን አይታ፣ ጥቂት ነገር ጠየቀቻቸው።

«እናቴ፣ የጎማ ጓንት አልተስማማዎትም። ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። በደበቁት ቁጥር አባሱት።»

«ሳሙናውስ?» አሉ እትዬ አረፋ።

«በሳሙናው እስከ ክርንዎ ታጥበው ክርንዎ ደህና ከሆነ ሳሙናው ምን አጠፋ? ጓንቱን ይጣሉት፤ ይሄን ቅባት ይቀቡ፤ አሥር ቀን ይዩት፤ ካልተሻለዎት ይምጡ። ሌላ የቀቡት ነገር አለ?»

«ማር... እሬት... የጥቁር አዝሙድ ዘይት... እርጎ።»

«ሰላጣ ነው እንዴ የሠሩት?» አለች ነርሷ። «እሱንም ለጊዜው ይተዉት፤ ቆዳው ይረፍበት።»

ከጤና ጣቢያው ደጅ ሲወጡ እትዬ አረፋ እፎይ አሉ። መንገድ ላይ ሳቃቸው መጣ፤ ልብስ ሰፊዋም ሳቀች፤ አላፊ አግዳሚው እስኪገላመጣቸው ድረስ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። ድንገት እትዬ አረፋ ቀጥ አሉ።

«ልጄ! ለልጄ እንዳትነግሪያት። እንቅልፍ ነው የምታጣው።»

«አሁንም? እጅሽን የበላው እኮ ጎማው ብቻ አይደለም፣ ይሄ ይሉኝታሽም ነው! ስልኩን አምጪ!»

ልጅቷ ስትሰማ፣ «እማ፣ እኔ ነኛ የገደልኩሽ!» ብላ አለቀሰች።

«ኧረ አልገደልሽኝም» አሉ እናት፣ «አሳከክሽኝ እንጂ።»

ልብስ ሰፊዋ በዚያው ሳምንት ከአሮጌ የዝናብ ልብስ ረጅም ጓንት ሰፋችላቸው፣ በውስጡ የጥጥ ጨርቅ ገበር አድርጋበት፣ የግራው በሁለት ጣት አጥሮ። እጃቸው ግን አሥር ቀን ራቁቱን ዋለ። በየጠዋቱ በዚያው በአዲሱ ዘይት ሳሙና ታጠቡ፤ በየጠዋቱ መስኮቱ ጋ ሄደው አዩት። ቅላቱ ሳሳ። ስንጥቁ ገጠመ። በአሥረኛው ቀን መዳፋቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ቢዳብሱ ለስልሶ አገኙት። «ተመስገን!» አሉ፤ ደግመው ደጋግመው።

የተሰበሰበውን ሳሙና ለባለቤቶቹ ሊመልሱ ዘንቢሉን ከአልጋ ሥር ጎትተው መፍታት ጀመሩ። የመምህሩ ጋዜጣ ውስጥ እንደ ጥፍር የሳሳች እላቂ። የአራተኛ ፎቆቹ ላስቲክ ውስጥ እላቂ። ከአንዱ ጥቅልል ይባስ ብሎ የሱቅ ሳሙና ወጣ፤ ቁልፍ በግድ ተጭኖበት፣ ያውም ተገልብጦ! አሥራ ሁለት ቤት አንኳኩተው አንድ ደህና ሳሙና አልተመለሰላቸውም። ሁሉም ደህናውን ደብቆ እላቂውን ነው የሰጣቸው። «ሌቦች!» አሉ እትዬ አረፋ፣ ብቻቸውን፣ እንባቸው በአፍንጫቸው እየወረደ።

ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ባለ ነጭ ቁልፏን ሳሙና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ሁለተኛ ፎቅ ወረዱ። መንገድ ላይ የይቅርታውን ቃል አሥር ጊዜ አስተካከሉት። የሾፌሩ ሚስት በሩን ስትከፍት ክንዷ እርጥብ ነው፤ ሕፃኑን ልታጥብ ነበር። ስታያቸው ፊቷ ተለዋወጠ።

«ልጄ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት...» ሲሉ፣

«እትዬ፣ እኔ ነኝ የምጠይቅዎት። አይቆጡኝ» አለች።

ከሳፋው አጠገብ፣ ፎጣ ላይ፣ መልሕቅ የታተመበት ሳሙና ተቀምጧል። ግማሹ አልቋል።

«የመለስኩልዎት እላቂውን ነው። ባለቤቴ ከሱቅ ልግዛ ሲለኝ፣ "እትዬ የሆነ ነገር ደርሶባቸዋል፤ ሳሙናው ምንም አልሆነ" አልኩት። ገላውን ማጠብ ከጀመርኩበት ቀን ጀምሮ በዚህ ነው የማጥበው።»

እትዬ አረፋ የሚፈሩት ነገር ሁሉ እንግዲህ ሲፈጸም ከርሟል። ሕፃኑን አዩት። አንገቱን፣ ብብቱን፣ የጭኑን እጥፋት አንድ በአንድ አዩት። አንዲት ቀይ ነጥብ የለችበትም። ሳፋው አጠገብ ቁጭ አሉ።

«ይያዙልኛ» አለችና እናቲቱ ሕፃኑን አቀበለቻቸው። እጃቸውን አንድ ጊዜ አዩት፤ ዘረጉት፤ ተቀበሉት። ጌታውም የአዲሱን ሰው እጅ ሙቀት እንዳገኘ ጊዜ አላጠፋም፤ ደረታቸው ላይ ሸናባቸው።

«ውይ! እትዬ፣ ልብስዎ!»

«ተይው» አሉ፣ ሕፃኑን ወደ ውኃው ዝቅ እያደረጉ። «ይልቅ ሳሙናውን አቀብይኝ።»